የሞተሬን ዲናሞ እቤት የቀየርኩበት ሳምንት

ሐዋሳ ውስጥ በሞተር ሳይክል እንቁላል ለሱቆች አከፋፍላለሁ። ሞተሬ ከቆመ ሥራዬም ይቆማል። ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ማታ ወደ ቤት ስመለስ የፊት መብራቱ እየደከመ ሄደ። ክላክሱም ድምፁ ሰለለ። በማግስቱ ጠዋት ስታርተሩን ስነካው ጧ ጧ ከማለት በቀር ምንም የለም።

«ባትሪው ነው» አሉኝ። አዲስ ገዛሁ። በአራተኛው ቀን እሱም ሞተ። ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያዙ። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ስትሰጡት ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ማየት አለባችሁ። የእኔ 12.1 ላይ ቆሞ ንቅንቅ አላለም። ባትሪው አይሞላም ማለት ነው። ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ የሚመጡትን የሦስት ቢጫ ሽቦዎች ሶኬት ነቀልኩና ቴስተሩን ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ላይ አድርጌ ሁለት ሁለቱን ለካሁ። ሦስቱም ልኬት መቀራረብ ነበረበት። አንዱ 48 አሳየኝ፣ ሁለቱ ከ5 አላለፉም። አንዱ መስመር ተበጥሷል ማለት ነው። ይህን ባልለካ ኖሮ ቀጥዬ የምገዛው ሬጉሌተር (ወደ ባትሪው የሚሄደውን ቮልት የሚመጥነው ዕቃ) ነበር።

ዘይቱን አፈሰስኩ። የማርሽ መርገጫውን ፈታሁ። የግራውን ክዳን አወረድኩ። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ አፍንጫዬን መታው።

በብዙ ሞተሮች ላይ ጥቅሉ፣ ማለትም የዲናሞው የተጠቀለለ ሽቦ፣ የሚታሰረው ክዳኑ ላይ ነው፤ ክዳኑ ሲወርድ አብሮ ይመጣል። የእናንተ እንደዚያ ከሆነ ማግኔቱን አትንኩ፣ ሥራችሁ ቀላል ነው። የእኔ ግን ከማግኔቱ ኋላ ነው። ማግኔቱ ካልወጣ ጥቅሉ አይገኝም። ማግኔቱ ደግሞ ሾጣጣ ዘንግ ላይ ተነክሶ የተቀመጠ ከባድ ብረት ነው። በእጅ አይወጣም። ፑለር የሚባል መሣሪያ ይፈልጋል።

ሰፈራችን ያለውን መካኒክ ጠየቅሁት። «ፑለር ምን ያደርግልሃል ወንድሜ? ሁለት ካቻቪቴ ከኋላው ሰክተህ በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው፣ ራሱ ይወጣል» አለኝ። እጁን ዘይት ነክሮ የሚውል ሰው ነው፤ አመንኩት። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ብቻ አይደለም። ፑለሩ ያለበት ሱቅ ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። መሄድ ሰነፍኩ።

የማግኔቱን ዳዶ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። መዶሻውን አነሳሁ። አንድ ሰዓት መታሁ። አልወጣም። ከዚያ ካቻቪቴዎቹን ትቼ የዘንጉን ጫፍ ራሱን መምታት ጀመርኩ። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ «ምን እየሰበርክ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። አመሻሹ ላይ ማግኔቱ ድንገት ለቆ መሬት ላይ ወደቀ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ባትሪ መብራቱን እስካበራ ድረስ ነው የቆየው። ውስጡ ከተለጠፉት ማግኔቶች አንዱ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል። ዳዶው የሚገባበት የዘንጉ ጫፍ እንደ እንጉዳይ ተጠፍጥፏል፤ ጥርሱ ጠፍቷል። ማግኔቱን በቦታው የምታስይዘው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረትም የለችም። ግቢውን በእጄ አበጥሬ በሦስተኛው ቀን አገኘኋት። ራሱ ማግኔቱ ላይ ተጣብቃ ነበር።

ያቺን ብረት አትናቁ። እሷ ከተበላች ወይም በትክክል ካልገባች ማግኔቱ ቦታውን ይስታል፤ ሻማው እሳት የሚሰጥበት ሰዓትም ይዛባል።

የተበጠሰው ሽቦ ያለ መዶሻዬ በትንሽ ወጪ ያልቅ ነበር። አሁን ግን ያገለገለ ማግኔት ከመርካቶ በዘመድ አስገዝቼ በአውቶቡስ ማስመጣት ነበረብኝ። ለዘንጉ ደግሞ ቶርኖ ቤት ያሉ አንድ አዛውንት እቤት ድረስ መጡልኝ። ጎንበስ ብለው አዩት። «ልጄ፣ ይሄን የመታህበት ጉልበት እርሻ ቢውል ምን ነበረበት?» አሉኝ። አፈርኩ። ጫፉን በሞረድ አስተካክለው ጥርሱን መልሰው አወጡት። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ትንሽ ቢብስ ኖሮ ሙሉ ሞተሩ ወርዶ ዘንጉ ሊቀየር ነበር።

ፑለሩን ያን ጊዜ ገዛሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ፑለሩ የሚታሰርበትን የማግኔታችሁን የመሃል ጥርስ ለኩ። የእኔ 27 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ ግራ ነው የሚታሰረው። ይህን ሳታውቁ በግድ ብታዞሩ ያንንም ጥርስ ትበሉታላችሁ። የመጣውን ማግኔት አስገብቼ፣ ለማወቅ ብዬ መልሼ በፑለሩ አወጣሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ስለ ጥቅሉ ደግሞ። ሁሉም «አዲስ ግዛ፣ የተጠቀለለ አይበረክትም» ይላል። እኔ አልስማማም። ርካሹ አዲስ ጥቅል ብዙ ጊዜ ሽቦው ቀጭን ነው። ጎበዝ ዲናሞ ጠቅላይ ካገኛችሁ አስጠቅልሉ። ግን ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የሽቦው ውፍረትና ዙሩ ከድሮው ጋር እኩል ይሁን፣ ሽቦው የሚቀባው ቫርኒሽም በደንብ ይድረቅ። የእኔ ቫርኒሹ ሳይደርቅ ሊሰጠኝ ሲል ሌላ ቀን አሳደርኩት። ሶኬቱንም ቀየርኩ፤ አሮጌው ቀልጦ ነበር። የላላ ሶኬት ይግላል፣ የጋለ ሶኬት ደግሞ ጥቅሉን ይዞ ይሄዳል።

ክዳኑን ከመዝጋቴ በፊት ማግኔቱን ውስጡን በጨርቅ ጠረግሁት። የብረት ብናኝና አንዲት ትንሽ ሮንዴላ ወጡ። አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ዘይት።

አስነሳሁት። ቴስተሩ 14.1 አለ። ነዳጅ ጨመርኩ፣ 14.3። ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት። ማታ ለቶርኖ ቤቱ አዛውንት ሁለት ትሪ እንቁላል ይዤ በራሱ በሞተሩ ሄድኩ፤ መብራቱ መንገዱን ሙሉ ያሳይ ነበር።