ገበያውን አሳየኝ

ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ማሻሻጥ ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የጠባሴዋን እማማን ግን አልረሳኋቸውም። ረሳሁ ስል መንገድ ላይ ያገኙኝና "ደህና ነህ፣ ባለ ስድስቱ?" ይሉኛል።

ነገሩ የካቲት 2015 ላይ ነው። ገበያው ገና ትኩስ ነበር። ፋብሪካው አለ፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት። ጠዋት መርካቶ ቁርሱን በልቶ መጥቶ፣ ቦታ አይቶ፣ ቀብድ ጥሎ፣ ለእራት ቤቱ የሚደርስ ገዢ ነበረን። እማማ ደወሉልኝና ሄድኩ። 250 ካሬ፣ ነባር ይዞታ፣ ካርታው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ቤት፣ ከጓሮ ሦስት ክፍል ሰርቪስ። ጥሩ ቤት ነው።

ስገባ አንድ ሌላ ደላላ ቀድሞኝ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። ስሙን አልጠራም። ጋቢ የማይለየው ነው ብዬ እንዳልጠቁም ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ የማይለብስ ማን አለ። ለማንኛውም ባለጋቢው ልበለው። "አራት ሚሊዮን ተኩል ካገኙ ይስጡ እማማ" ብሎ ጨርሷል።

እኔ ሳቅኩ። እውነቱን ልናገርና ዋጋው እሱ ያለው ነው። እኔም አውቀዋለሁ። ግን ቤቱን ሊወስድብኝ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አይቼ፣ ግቢውን በእርምጃ ለክቼ፣ "ይሄ ቤት ስድስት ይጠራል" አልኩ። ባለጋቢው ሲኒውን አስቀምጦ አመስግኖ ወጣ። ቤቱ የእኔ ሆነ። ሐሳቤ መጀመሪያ መያዝ፣ ከዚያ በየወሩ "ገበያው፣ ገበያው" እያሉ ቀስ እያደረጉ ማውረድ ነው። እኔ እንደዚህ አላደርግም የሚል ደላላ ካለ አንድ ቀን ቡና ልጋብዘው እፈልጋለሁ።

ቀስ አድርጌ ሳላወርደው ግን ነሐሴ መጣ። ተኩሱ መጣ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈትና ሁለት ቀን ይዘጋል፣ ሰው ታገተ የሚል ወሬ በየቀኑ ነው። የአዲስ አበባው ገዢ ስልክ ማንሳት አቆመ። በዚያው ወር ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፤ "ብድሬ ይለቀቅልኝ እንጂ እገዛለሁ" ሲለኝ የነበረው ሁሉ በዚያው ቀረ። ድሮ በሳምንት ሦስት ቤት አሳይ የነበርኩ ሰውዬ ቁልፍ ይዤ ከፀሐይ ጋር ስዞር እውል ጀመር።

ጥር 2016 አንድ ገዢ አገኘሁ። የመንዝ በግ ነጋዴ ነው፣ ገጠሩ አላስቀምጥ ሲለው ልጆቹን ከተማ ሊያስገባ የመጣ። ብድር አያውቅም፣ የሚያውቀው ጥሬ ብር ነው። ግድግዳውን እንደ በግ ወገብ እየዳበሰ ዞረና "አራት ከሁለት መቶ" አለ። በልቤ እግሩን ልስመው ነበር። እየሮጥኩ እማማ ዘንድ።

"እማማ፣ ገዢ መጥቷል፤ 4 ሚሊዮን 200 ሺህ፣ በአንድ ጊዜ ክፍያ።"

ዝም አሉ። ከሰሉን አራገቡ። ከዚያ "ቆርቆሮው ተነቅሏል?" አሉኝ።

"ኧረ የለም።"

"ግቢው ጠበበ? አጥሩን የገፋ አለ?"

"እማማ፣ እሱ ሳይሆን ገበያው ነው።"

"ሽንኩርት ጨመረ። ጤፍ ጨመረ። ሲሚንቶ ጨመረ። ይህን ቤት ዛሬ ልሥራ ብል ከአምናው እጥፍ ነው የሚያስወጣኝ። እና ቤት ብቻ ነው የቀነሰ?"

እዚህ ጋ መልስ አጣሁ። አሁንም ቢጠይቁኝ አጣለሁ መሰለኝ። ብሩ እየረከሰ፣ ሁሉ ነገር እየተወደደ፣ ቤት ብቻውን ሲወርድ ለአንዲት ባልቴት እንዴት አድርገህ ታስረዳለህ? ገዢ የለም ማለት ነው እንጂ ቤቱ አልረከሰም ልል ፈለግኩ። አፌ ላይ የመጣው ግን ያው "ገበያው ነው" ነው።

"ገበያ ገበያ ትላለህ። እስቲ ገበያውን አሳየኝ። እኔ እስካሁን ያየሁት አንተን ነው። ስድስት ያልከውም አንተ፣ አራት የምትለውም አንተ።"

ወጣሁ። የበግ ነጋዴውን "ትንሽ ይታገሱን፣ አሮጊቷ ይለዝባሉ" አልኩት። "በግም ሲከሳ ይጠበቃል" አለኝና ኪራይ ቤት ገባ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ እማማ ደወሉ። "ነገ በጠዋት ናልኝ፣ ለቤቱ ጉዳይ ነው።" ሌሊቱን የኮሚሽኔን ሁለት በመቶ ሳሰላ አደርኩ። ከ4 ሚሊዮን 200 ሺህ 84 ሺህ። የልጆቹን ትምህርት ቤት ከፈልኩ፣ የሱቅ ዕዳዬን ዘጋሁ፣ ለራሴ ጫማ ገዛሁ። በሐሳቤ ነው እንጂ።

ስደርስ የበግ ነጋዴው ተቀምጧል። አጠገቡ ባለጋቢው። መሃል ላይ የቀብድ ውል። 4 ሚሊዮን።

አራት ማለት እኔ ካመጣሁት 200 ሺህ ያነሰ ነው። አላስቻለኝም፤ "እማማ፣ እኔ እኮ አራት ከሁለት መቶ አምጥቼልዎት ነበር" አልኩ።

"አውቃለሁ ልጄ" አሉ፣ ሳይቆጡ። "እሱ ግን ከመጀመሪያውም አራት ተኩል ብሎኛል። በእሱ ስሸጥ የጎደለብኝ 500 ሺህ ነው። በአንተ ብሸጥ ኖሮ የሚጎድልብኝ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ነበር።"

ይህን ሒሳብ ስንት ቀን እንዳሰብኩት አትጠይቁኝ። አልጋ ላይ ሆኜ በጣቴ ሁሉ ቆጥሬዋለሁ። ስህተቱ የት እንዳለ ይገባኛል፤ በእጃቸው የገባው ብር ያነሰ ነው፣ አለቀ። ግን ቁጭ ብዬ እሳቸውን ላሳምን ብነሳ የምሸነፍ ይመስለኛል።

ለካ የተጠራሁት ምስክር እንድሆን ነው። "ቤቱን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም" አሉ። ምስክር ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ጎረቤት፣ ሁለተኛው እኔ። እስክሪብቶ አልያዝኩም ነበር። ያቀበለኝ ባለጋቢው ነው። ወረቀቱ በኋላ ተመዝግቦ ካልጸና ለቤት ሽያጭ እንደማይበቃ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1723 የሚያውቅ ያውቃል። እዚያው ላይ ላነሳው አሰብኩ። ከዚያ ቅናት እንዳይመስልብኝ ተውኩት። በኋላ እሱ ራሱ ይዟቸው ሄዶ በደንብ አስጸደቀው፤ እሱንም አልተሳሳተልኝም።

ቡና ጠጣን። ሦስተኛውን ሳልጠጣ ተነሳሁ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቀስሜአለሁ። ሥራውን ገና ለጀመረ አንድ ልጅ "ቤት ለመያዝ ብለህ ዋጋ አትቆልል፣ የጠራኸው ቁጥር ባለቤቱ ጆሮ ውስጥ ቤት ይሠራል" ብዬ ስመክረው፣ ልጁ ስልኩ ላይ ጻፈው።

ባለፈው ሳምንት ወደ አንኮበር መውጫ አንድ ቤት እንዳይ ተጠራሁ። ብሎኬት ነው፣ 200 ካሬ፣ ከ3 ሚሊዮን 800 ሺህ አያልፍም። ባለቤቱ "ስንት ይጠራል?" አለኝ። በሩ ላይ ማን ቆሞ እንደሚጠብቅ በዓይኔ ጫፍ አየሁት፤ ጋቢውን እስከ ጆሮው ስቦታል።

"አምስት" አልኩ።

ከኋላዬ ሳል ያዘው።