የጥምቀት ማዕበል በእስክንድርያ

ልጅ ሳለሁ እስክንድርያ ከተማ መሆኗን አላውቅም ነበር። ስሟን የምሰማው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። «ዘእስክንድርያ» ሲባል የሰማይ አገር ይመስለኝ ነበር። ካርታ ላይ ያየኋት ቤይሩት ሄጄ አራት ዓመት ሰው ቤት ስሠራ ነው። ያው ባሕር ነው፣ እሷ በዚያኛው ዳር ናት። ቤይሩት ሳለሁ ባሕሩን የማየው ልብስ ላሰጣ በረንዳ ስወጣ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ማንም ሳይጠራኝ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ያ ቀን የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ካይሮ የምትኖረውን የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ በሄድኩበት ጥር፣ ሦስት ቀን አብቃቅቼ እስክንድርያ ሄድኩ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከራምሲስ ጣቢያ በባቡር ተነሣሁ። መንገዱን ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ይህ መስመር ካይሮ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱው አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የእኛ የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የስልሳ አንድ ዓመት ታላቅ ናት ማለት ነው።

ከጣቢያው እስከ ሆቴሌ ታክሲ ያዝኩ። ሹፌሩ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። «ከኢትዮጵያ» ስለው «ሳድ!» አለ። ግድቡን ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ዝም አልን። ስወርድ ሁለት መቶ ጊኒ ተቀበለኝ። የሆቴሉ ልጅ ሲሰማ «አርባ ይበቃው ነበር» አለኝ። ገንዘቡ ብቻ አይደለም ያናደደኝ። አራት ዓመት አረብኛ ተናግሬ፣ አረብኛዬም የሊባኖስ ሆኖ፣ ዋጋ ሳልጠይቅ መግባቴ ነው።

ሆቴሉ ራምል ጣቢያ አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው የድሮ የጣሊያን ቤት ይመስላል። ጣሪያው ሩቅ፣ በረንዳው ብረት። አሳንሰሩ አይሠራም። መስኮቱ አይገጥምም። ያን ሌሊት ነፋሱ ከባሕሩ እየተነሣ መስኮቱን ሲደበድበው አደረ። ካፖርቴን ለብሼ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ደርቤ፣ እግሬ ሳይሞቅ ነጋ። የጎንደር ብርድ ደረቅ ነው፤ ጋቢ ያሸንፈዋል። ይህኛው እርጥብ ነው፣ አጥንት ውስጥ ይገባል።

ጠዋት ውሃው አልሞቀም። ለልጁ ላስረዳው ቃል ሳጣ «ባኞ» አልኩት። ወዲያው ገባው። እነሱም «ባኞ» ነው የሚሉት! ከጣሊያን የወሰድነው ቃል አስታረቀን። ገና ሳንጨርስ ከመንገድ «ሮባቤክያ!» የሚል ጩኸት መጣ። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ባለ ጋሪ ነው። ቃሉ የጣሊያንኛ ነው፣ «አሮጌ ዕቃ» ማለት። ዓይኔን ጨፍኜ ብሰማው የእኛው ቆራሌው ነው። ውሃው እስከ መጨረሻው ቀን አልሞቀም፣ ግን ለዚያ ጩኸት ስል ይቅር አልኩ።

በመጀመሪያው ቀን ሰዉ ሁሉ «የፖምፔ ዓምድ» ወደሚለው ሄድኩ። ስሙ ስህተት ነው። 27 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ከአስዋን የመጣ ቀይ ድንጋይ ነው፤ የቆመውም ክርስቲያኖችን ላስፈጀው ለሮማው ንጉሥ ለዲዮቅልጥያኖስ ነው። ከተማይቱ አምፃበት፣ ከብቦ ካስገበራት በኋላ ለክብሩ አቆሙለት። ስንክሳር ሲነበብ የሰማ ሰው ይህን ስም ያውቀዋል። አያቴ ሳትረግመው ስሙን አትጠራም ነበር። ቅብጦች፣ የግብጽ ክርስቲያኖች፣ ዓመተ ሰማዕታት ብለው የሚቆጥሩት እሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ነው። የከተማይቱ ሊቀ ጳጳስ ተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስም የተሰየፈው በዚሁ ከተማ፣ በ311 ነው። ዓምዱ ሥር ቆሜ ፎቶ እንድነሣ አንድ ልጅ ለመነኝ። እንቢ አልኩ። አያቴን አሰብኩ።

ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ኮም ኤል ሹቃፋ የሚባል የመሬት ውስጥ መቃብር አለ። በ1900 አንዲት አህያ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ነው የተገኘው ይባላል። እዚያ ውስጥ ያየሁትን አልረሳም። የግብጾች የሙታን አምላክ፣ ባለ ውሻ ራሱ አኑቢስ፣ የሮማ ወታደር ጥሩር ለብሶ ቆሟል። የግሪክ ጌጥ፣ የግብጽ አምላክ፣ የሮማ ልብስ፣ ሁሉም በአንድ ግድግዳ። ከተማይቱን ያወቅኋት እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው ብል አላጋነንኩም።

ታላቁ እስክንድር ቆርቁሯት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331፣ ግሪኩም አይሁዱም ግብጹም አብረው ኖሩባት። ኋላ ተዳከመችና ትንሽ ከተማ ሆነች። እንደገና ያስነሣት የግብጽ ገዥ የነበረው መሐመድ ዓሊ ነው። በ1820 ከዓባይ እስከ ከተማዋ ቦይ አስቆፈረ። ውሃው ሲመጣ ጥጡ መጣ፣ በጥጡ ላይ ግሪክ፣ ጣሊያን፣ አርመን፣ ሶርያ፣ አይሁድ ተከታተሉ። መቶ ዓመት ያህል ኖሩባት፣ ሠሩባት። በጁላይ 26 ቀን 1956 የግብጽ ፕሬዚዳንት ናስር መንሺያ አደባባይ ቆሞ ስዊዝ ካናልን መውረሱን አወጀ። ያው የሚያሳዝነው፣ ናስር ራሱ የእስክንድርያ ልጅ ነው። ከዚያ ጦርነት መጣ፣ መባረር መጣ፣ መውረስ መጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ ሻንጣቸውን ይዘው በመጡበት ባሕር ሄዱ።

በሁለተኛው ቀን ነቢ ዳንኤል በሚባለው መንገድ ላይ ስመላለስ ዋልኩ። ኤልያስ ነቢይ የተባለው ትልቅ ምኩራብ እዚያ ነው። በ2020 ታድሶ ተከፍቷል፣ ግን የሚጸልይበት ሰው ጥቂት አዛውንት ብቻ ነው የቀረው። በሩ ላይ ፖሊሶች ቆመዋል፤ እንድገባ አልፈቀዱልኝም። በአጥሩ ቀዳዳ ዛፎቹን አየሁ። ከዚያ በ1922 ግሪኮች የከፈቱት ዴሊስ ገብቼ ኬክ በላሁ፣ ማኪያቶ ጠጣሁ። ኬኩ ጥሩ ነው። ማኪያቶው የእኛን አያክልም፣ ይህን ስል ምንም አላፍርም። አዲሱን ቤተ መጻሕፍት ግድግዳው ላይ የተቀረጹትን የዓለም ፊደላት ለማየት ዞርኩት። ሀሁን ስፈልግ ዝናብ መጣና ሮጥኩ።

ዝናቡን ሸሽቼ ትራም ውስጥ ገባሁ። የራምል ትራም በ1863 የጀመረ ነው፤ ለሴቶች ብቻ የሆነ ፉርጎ ነበረው። አጠገቤ አንዲት እናት ረጅም ሸንኮራ አገዳ በጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። በእጃቸው አንጓ ላይ የተነቀሰ ትንሽ መስቀል አየሁ። እኔም አንገቴ ላይ ማተቤን አወጣሁ። «ሐበሺያ?» አሉኝ። «አዎ፣ ታንት» አልኳቸው። እዚያ ትልልቅ ሴቶችን «ታንት» ነው የሚሏቸው፣ ከፈረንሳይኛ የተረፈ ነው። እጄን ያዙኝ። ገሃድ ነበር፣ የጥምቀት ዋዜማ። እነሱም ይጾሙታል። ማታ ቅዳሴ እንዳለ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጎደሬ እንደሚበሉ ነገሩኝ። ለምን ጎደሬ? መሬት ውስጥ ተቀብሮ ስለሚወጣ፣ የሚያሳክከውንም ውሃ ስለሚያወጣለት። እንደ ጥምቀት ማለት ነው።

ማታ ይዘውኝ ቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሄዱ። በር ላይ ፍተሻው ከባድ ነው። በ2017 ሆሳዕና ዕለት እዚሁ በር ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሰው አልቋል። ጠባቂው ፓስፖርቴን ገልብጦ ገልብጦ ሲያይ ታንት ተቆጡት። «ልጄ ናት!» አሉት። አሳለፈኝ። ቤይሩት አራት ዓመት ኖሬ ማንም እንዲህ ብሎልኝ አያውቅም።

ውስጥ ገብቼ ብዙውን አልተረዳሁም። ቋንቋው አረብኛና ቅብጥኛ ነው። ድንገት ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ኪርያላይሶን» አለ። ስቅለት ዕለት ስንሰግድ የምንለው! ግሪክኛ ነው፣ በግብጽ አፍ፣ በእኔም ጆሮ። እንባዬ መጣ። አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የሰደደው በዚህች ከተማ መንበር ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ ወዲያ 1600 ዓመት ገደማ ጳጳስ ከግብጽ ስናስመጣ ኖረን በ1951 አቡነ ባስልዮስ ተሾሙልን። የትንሣኤን ቀን የምናወጣበት ባሕረ ሐሳብም የእስክንድርያው ድሜጥሮስ ነው የሚባለው። ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አውቀው ነበር። እዚያ ቆሜ ስሰማው ግን ሌላ ነው።

ቄሱ በገበታ የተቀመጠውን ውሃ ባርከው ግንባራችንን ቀቡን። በቃ፣ ይኸው ነው ጥምቀቱ። ታቦት አይወጣም፣ ከበሮ የለም፣ ሜዳ ላይ አይታደርም። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ናፈቀኝ፣ ልጆቹ ዘለው ሲገቡ፣ እናቴ በነጭ ልብሷ ዳር ቆማ ጠበል ስትለምን። ታንት ቤት ወስደው ጎደሬ በአረንጓዴ መረቅ አበሉኝ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ወንድ ልጃቸው እስከ ሆቴሌ በር ሸኘኝ። ሸንኮራውን ግማሹን ቆርጠው ሰጡኝ።

በጥር 11 ጠዋት ቃል የገባሁትን ልፈጽም ባሕሩ ዳር ሄድኩ። ቃይትባይ ምሽግ አጠገብ ነው። በዓለም የታወቀው የመብራት ማማ የነበረበት ቦታ ነው። ማማው በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ፣ በ1477 ሱልጣን ቃይትባይ ምሽጉን በላዩ ሠሩበት። ግን ቁጭ ማለት አልተቻለም። ማዕበሉ የድንጋዩን ግንብ እየዘለለ መንገዱን ያጥበዋል። ጀልባዎቹ ሁሉ ታስረዋል።

አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ግንብ ተጠግተው መረብ ይጠግኑ ነበር። የሚኖሩት ከአቡል ዓባስ መስጊድ ጀርባ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከስፔን የመጡ ሼኽ የተቀበሩበት ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ ባሕር ከመግባታቸው በፊት እዚያ ይጸልያሉ። «ሐጅ፣ ይህ ነፋስ መቼ ይቆማል?» አልኳቸው።

«ከሦስት ቀን በኋላ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። «ጊጣስ ነው።»

ጊጣስ ማለት ጥምቀት ነው። የእስክንድርያ ሰው ለክረምቱ ማዕበሎች ሁሉ ስም አለው። የኖቬምበሩ «መጥረጊያ» ነው፣ የዲሴምበሩ «ቃሲም»፣ የዛሬው ጥምቀት። ሐጁ ሙስሊም ናቸው፣ አባታቸውም ሙስሊም ነበሩ፣ ባሕሩ የሚታመንበትንና የማይታመንበትን ቀን ግን የሚቆጥሩት በክርስቲያን በዓል ነው። የቅብጥ ወርና ቀንም ከእኛው ጋር አንድ ነው። ከጎንደር የመጣሁት እኔ የዚህን ማዕበል ቀን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀው ኖሯል።

ሸንኮራዬን ሰብሬ ግማሹን ለሐጁ ሰጠኋቸው። መረቡን አስቀምጠው ተቀበሉኝ። ስልኬን አውጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። ከበሮ ይሰማኛል፣ እልልታ ይሰማኛል፣ እሷ ግን እኔን መስማት አልቻለችም።

«ምንድን ነው አንቺ ጋ የሚጮኸው?» አለችኝ።

«ባሕሩ ነው፣ እማዬ» አልኳት። ስልኩን ወደ ማዕበሉ ዞር አድርጌ ያዝኩላት።