የሊጥ መዳመጫው፣ ማስታወሻ ደብተሩና ያዘገየሁት የደም ምርመራ

ባለፉት 21 ሌሊቶች ውስጥ ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ በጨለማም ከግድግዳ ግድግዳ ሳልመላለስ ያደርሁባቸው 15 ናቸው። ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ለሚወስደው ሰው ይህ ቁጥር ምንም ላይመስለው ይችላል፤ «እረፍት የለሽ እግር» የተባለው ሕመም ይዞት ምሽት በመጣ ቁጥር እግሩ አልታዘዝ ለሚለው ግን ምን ማለት እንደ ሆነ፣ በዚሁ ሕመም የምትሠቃዩ እናንተ ታውቃላችሁ። የዛሬ አሥራ አራት ወር መዝገብ መያዝ ስጀምር በሦስት ሳምንት ውስጥ በሰላም ያደርሁት ሁለት ሌሊት ብቻ ነበር። ለውጡን ላካፍል ብዬ ብዕር አነሣሁ፤ ደብተሬን ወደ ኋላ ሳገላብጥ ግን ካገኘሁት ይልቅ በከንቱ ያሳለፍሁት ጊዜ በዝቶ ስለ ታየኝ ሁለቱንም ሳልሸሽግ እጽፋለሁ።

ከባቴ ውስጥ፣ ከቆዳ በታች በጥልቁ፣ አንዳች ነገር የሚርመሰመስ ይመስለኛል። ሕመም ልለው አልችልም፣ ማሳከክም አይደለም፤ ነገር ግን እግሬን እንዳንቀሳቅስ ግድ ይለኛል። ባንቀሳቅሰው ይተወኛል፣ ጸጥ ስል ይመለሳል፣ ማታ ይብሳል፣ ጧት ደብዛው ይጠፋል። ሐኪሞችም ሕመሙን በዋነኛነት የሚለዩት በእነዚሁ ምልክቶች ነው። ሌሊት ከሚመጣው የጡንቻ መሸማቀቅ ጋር የሚያምታቱት ብዙዎች ናቸው፤ በመሸማቀቅ ጊዜ ግን ጡንቻው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል፣ በዚህኛው ጊዜ ባቴን ብጨብጠው ለስላሳ ነው። የመቁነጥነጥ አመል ነው ብለው የሳቁብኝ ወዳጆች ነበሩ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ ይህንኑ መከራ በ1672 (እ.ኤ.አ.) በጽሑፍ እንዳሰፈረው፣ ስዊድናዊው የነርቭ ሐኪም ካርል አክሰል ኤክቦምም በ1945 በሰፊው አጥንቶ ዛሬ የሚጠራበትን ስም እንደ ሰጠው ሳነብ፣ ከእኔ በፊትም ሰዎች በሌሊት ሲንጎራደዱ እንደ ኖሩ ዐውቄ ጥቂት ተጽናናሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሙከራዎች በአጭሩ ልለፋቸው። እግርን በሞቀ ውሃ መዘፍዘፍ መልካም ነው፤ ለእኔ ሞቃቱ ይሻለኛል፣ ቀዝቃዛው የሚሻላቸውም አሉና ሁለቱንም መሞከር ይገባል። ከቀትር በኋላ ቡና መተው ረድቶኛል። ማግኒዚየም ለሁለት ወራት ዋጥሁ፤ በደብተሬ ላይ ምንም ለውጥ አልታየም። እግሬን አለኝ ላለ ሁሉ ማግኒዚየም የሚያዝዙ ሰዎች ትዕግሥቴን ይፈታተኑታል፤ ለዚህ ሕመም ስለ መጥቀሙ ያለው ማስረጃ ስስ ነው። ከአንሶላዬ ሥር ደረቅ ሳሙና አድርጌ የተኛሁበት ሳምንትም አለ፤ ያተረፍሁት ጥሩ ሽታ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ጊዜዬን የወሰደው ማሸት ነው። ስጀምር በአእምሮዬ የነበረው ሥዕል ቀላል ነበር፦ ባቴ ውስጥ የተቋጠረ ነገር አለ፣ ጨምቄ አወጣዋለሁ። ስለዚህ እንባ እስኪመጣ ድረስ በአውራ ጣቴ እጫነው ነበር። በነጋታው ባቴ ሰንብሮ ደረጃ መውረድ ሲያቅተኝ ሕክምናው የሠራ መስሎኝ ተደሰትሁ፤ ማታ ግን ያው መርመስመስ በዚያው በሰነበረው ሥጋ ውስጥ ተመለሰ። እንዲህ እያደረግሁ አምስት ሳምንት አሳለፍሁ። ችግሩ የሚመነጨው ከጡንቻው ሳይሆን ከነርቭ ሥርዓቱ እንደ ሆነ፣ ባቴም ነገሩ የሚሰማበት ቦታ ብቻ እንደ ሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ማሸት የሚያስታግሰው ቋጠሮ ስለሚፈታ ሳይሆን፣ ከቆዳና ከጡንቻ የሚነሣ ሌላ ስሜት ወደ አከርካሪና ወደ አንጎል ልኮ የመርመስመሱን ስሜት ስለሚሻማው ነው የሚለው ማብራሪያ ከራሴ ልምድ ጋር ይስማማል። ያ ሌላ ስሜት እንዲደርስ ደግሞ ሥጋን ማሠቃየት አያስፈልግም። አሁን የምጫነው ሰው ሲጨብጡ የሚጠቀሙበትን ኃይል ያህል ነው፤ ዋናው ነገር ክብደቱ ሳይሆን ዝግታው ነው።

መሣሪያዬ የሊጥ መዳመጫ እንጨት ነው። አስቀድሜ የሚንቀጠቀጥ የኤሌክትሪክ ማሻ ገዝቼ ነበር፤ ድምፁ ቤተሰቡን ይቀሰቅሳል፣ እፎይታውም ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው፤ አሁን መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። መዳመጫውን ግን ጫፍና ጫፉን በሁለት እጄ ይዤ ኃይሉን ራሴ እመጥነዋለሁ። ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እጄን ጥቂት ቅባት አስነክቼ፣ በመጀመሪያ ውስጥ እግሬን ከተረከዙ ወደ ጣቶቹ በአውራ ጣቴ ሁለት ደቂቃ ያህል አሻለሁ። ቀጥዬ ባቴን በመዳመጫው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ጀምሬ ወደ ላይ እገፋለሁ፤ አንዱን ጉዞ ቢያንስ አምስት ሰከንድ አስረዝመዋለሁ፣ ይህም ለአንድ እግር አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ከጉልበት በስተኋላ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ አልነካውም፤ የደም ሥሮችና ነርቮች ለቆዳው ቀርበው የሚያልፉበት ስለ ሆነ እንጨት አይወድም። ጭኔን በመዳፌ ብቻ ሁለት ደቂቃ አሻሽቼ እጨርሳለሁ። ከዚያ ግድግዳ ተደግፌ፣ ተረከዜን ከወለሉ ሳላነሣ፣ እያንዳንዱን ባት ለ30 ሰከንድ ሦስት ጊዜ እስበዋለሁ። ማሳሳቡን የዘለልሁባቸው ምሽቶች ውጤታቸው ያንሳል፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ግን መዳመጫውን አልለቅም።

ዘዴውን ካስተካከልሁ በኋላም ወራት የፈጀብኝ እንቆቅልሽ እፎይታው የሚቆይበት ጊዜ ነበር። ስሜቱ ከተነሣ በኋላ ሳሸው፣ እጄ እግሬ ላይ እስካለ ድረስ ሰላም ነው፤ እጄን ካነሣሁ ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ይሰጠኛል። በዚያ መካከል እንቅልፍ ካልቀደመኝ እንደገና መነሣት ነው። አንድ ሌሊት አራት ጊዜ አሸሁ፤ ሲነጋ ከእግሬ ይልቅ የእጄ ጣቶች ታመው ተገኙ። ማሸቱን ወደ 40 ደቂቃ አስረዘምሁት፣ ለውጥ የለም። ቅባቱን ሦስት ጊዜ ቀያየርሁ፣ ለውጥ የለም፤ ስለ ቅባት ዓይነት የሚደረገው ክርክር ሁሉ፣ በእኔ አስተያየት፣ እጅ እንዲንሸራተት ከማድረግ ያለፈ ፍሬ የለውም።

መልሱ በገዛ ደብተሬ ውስጥ ተጽፎ ነበር። ከልማድ የተነሣ ያሸሁበትን ሰዓት እመዘግብ ነበርና፣ አንድ ቀን ደኅና የተባሉትን ሌሊቶች ብቻ ለይቼ ስደረድራቸው ማሸቱ ከስሜቱ የቀደመባቸው ሆነው አገኘኋቸው። የእኔ ስሜት አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል፤ እስከ ሌሊቱ ስድስትና ሰባት ሰዓት እየበረታ ይሄዳል። ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ባለው ጊዜ፣ ገና ምንም ሳይሰማኝ፣ ያሸሁ እንደ ሆነ ስሜቱ ወይ ይዘገያል ወይ ለዝቦ ይመጣል። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ ምንም ያላመመውን እግር ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ ማሸት ግን ሰነፍ የሚያደርግ ነገር አለው። ዛሬ እንኳ ደኅና ነኝ ብዬ የዘለልሁባቸውን ምሽቶች ብዙ ጊዜ በሌሊት ከፍያቸዋለሁ።

በዚሁ አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለቤቴ እያዘነችልኝ አልጋ ላይ አጋድማ ታሸኝ ነበር፤ እጇ ከእኔ ይልቅ የሠለጠነ ነው። ነገር ግን ተጋድሜ ስታሸኝ እምብዛም አይጠቅመኝም ነበር፤ ይህን ሳልነግራት ሁለት ወር ቆየሁ። በኋላ እንደ ገባኝ ለእኔ ቀስቃሹ መጋደሙና ጸጥ ማለቱ ራሱ ነው፤ ተቀምጬ፣ ጎንበስ ቀና እያልሁ፣ በገዛ እጄ ስሠራው ሰውነቴም አእምሮዬም ሥራ አያጡም። ነግሬያት ስትስቅ ነው ያበቃው። አሁን እሷ የምታሸው ትከሻዬን ነው፣ እግሬን እኔ።

ለማሸት የሚነሣ ሁሉ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከጋለ ወይም ሲነካ ካመመ የረጋ ደም በደም ሥር ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ማሸት አደገኛ ነው፤ የዚያን ዕለት መሄድ የሚገባው ወደ ሕክምና ነው። የደም ሥሮቹ ተገትረው የወጡበት ሰውም በእነሱ ላይ እንጨት ማንከባለል የለበትም።

አሁን ወደማፍርበት ክፍል ልምጣ። የሕመሙን ክብደት ለመለካት የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ መመዘኛ አለ፤ 10 ጥያቄዎች ናቸው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይይዛል፣ ድምሩ እስከ 40 ይደርሳል፤ ከ21 እስከ 30 ያለው ከባድ ይባላል። እኔ ስጀምር 27 ነበርሁ። ማሸቱን ከሰዓቱ ጋር ካስተካከልሁ በኋላ 21 ደረስሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልነቃነቅ አለ። ሐኪሜ ገና በመጀመሪያው ቀን የፌሪቲን፣ ማለትም በሰውነት የተከማቸውን አይረን የሚያሳይ የደም ምርመራ እንዳደርግ ጽፈውልኝ ነበር፤ ወረቀቱ በደብተሬ ገጾች መካከል ታጥፎ ስምንት ወር ተቀመጠ። ሄሞግሎቢንህ ደኅና ነው፣ የደም ማነስ የለብህም ተብዬ ስለ ነበር ምርመራውን ትርፍ ነገር አድርጌ ቈጠርሁት፤ እውነቱን ከተናገርሁ ግን በገዛ እጄ ያገኘሁት ዘዴ ብቻውን እንዲበቃ እመኝ ስለ ነበር ነው።

በመጨረሻ ሄጄ ስመረመር ፌሪቲኔ በሊትር 34 ማይክሮግራም ሆኖ ተገኘ። የላቦራቶሪው ወረቀት መደበኛ ይለዋል፤ በዚህ ሕመም ለሚሠቃይ ሰው ግን 75ና ከዚያ በታች ሲሆን አይረን መውሰድ እንዲታሰብ ይመከራል። ሄሞግሎቢን በደም ውስጥ በሥራ ላይ ያለውን አይረን ሲያሳይ ፌሪቲን የተከማቸውን ያሳያል፤ አንዱ ሞልቶ ሌላው ሊጎድል ይችላል፣ አንጎል ደግሞ እንቅስቃሴን ለመቆጣጠር የሚረዳውን ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ለመሥራት አይረን ያስፈልገዋል። ሐኪሜ ጉድለቱ ከየት እንደ መጣ ከመረመሩ በኋላ ክኒኑን በየሁለት ቀኑ እንድወስድ አዘዙልኝ፤ በባዶ ሆድ፣ ከቫይታሚን ሲ ጋር፣ ከቡና፣ ከሻይና ከወተት አርቄ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሆድ ድርቀት እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም። ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ነጥቤ 16 ሆነ፤ አሁን 12 ነው። እንግዲህ ስምንት ወር ሙሉ እንጨት እያንከባለልሁ የኖርሁት አንድ ብልቃጥ ደም መስጠት ስለ ታከተኝ ነበር። ይህን አንብቦ ሳይመረመር አይረን የሚገዛ ሰው ካለ ግን አደራ እላለሁ፤ ሰውነት የተረፈውን አይረን አውጥቶ የሚጥልበት መንገድ ስለ ሌለው ሲከማች ጉበትንና ልብን ይጎዳል።

ሁለተኛው ጥፋቴ አጭር ነው። እንቅልፍ ባጣሁባቸው ሌሊቶች ለአለርጂና ለጉንፋን የሚሸጠውን፣ እንቅልፍ የሚያመጣውን ዳይፈንሃይድራሚን እውጥ ነበር። በደብተሬ ውስጥ ከሁሉ የከፉት ሌሊቶች እነዚያ ናቸው፤ ይህ መድኃኒት የእግሩን ስሜት እንደሚያባብስ የታወቀ ነው። ለማቅለሽለሽ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ በሐኪም የታዘዘውን ግን ሐኪሙን ሳያማክሩ በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም።

ያልፈታሁት የረጅም ጉዞ መቀመጫ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀምጬ ስጓዝ፣ በተለይ በምሽት፣ ቀኝ እግሬ እንደ ድሮው ይሆናል። ከውስጥ እግሬ ሥር ትንሽ ኳስ አድርጌ አንከባልላለሁ፣ መተላለፊያው አጠገብ ያለውን ወንበር እመርጣለሁ፣ አእምሮን የሚይዝ የቃላት እንቆቅልሽ እሞላለሁ፤ ከሦስቱ እንቆቅልሹ መብለጡ ራሴንም አስገርሞኛል። ከነገ ጀምሮ የማሸቱን ሰዓት ወደ ምሽቱ ሁለት ሰዓት አምጥቼ ለሦስት ሳምንት ልመዘግብ ነው። ከእናንተ መካከል ስሜቱ ከመነሣቱ ስንት ደቂቃ ቀድሞ ማሸት እንደሚሻል በጽሑፍ የያዘ ሰው ካለ ቁጥሩን ቢነግረኝ ከራሴው ጎን አሰፍረዋለሁ።