ጋሽ ሪቨርስ

ጥርሴን ስቦርሽ ትዝ ይለኛል። ሊፍት ስጠብቅ ትዝ ይለኛል። ሌሊት ስገላበጥማ ተዉት። «አለው» አልኩት እኮ! ምን ነክቶኝ ነው?

ነገሩ የመጣው ከአንዲት አሮጌ የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ነው። መጠኗ 0.049 ኪዩቢክ ኢንች ነው፣ 0.8 ሲሲ ገደማ። ፒስተኗ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር እምብዛም አይሰፋም። ግን ይቺ ቁራጭ ብረት የአንድን ትልቅ ሰው ቅዳሜ ከነሙሉ ክብሩ ትበላለች።

የገዛኋት ከነዳጅ ታንክዋ ጋር ከአንድ ሰው ነው። ማስታወቂያው «ብዙም ያልሠራች፣ ኮምፕሬሽኗ አንደኛ» ይላል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። እናንተ የአሮጌ ሞተር ሻጮች፣ ኮምፕሬሽን የምትሉት ነገር ለመሆኑ ምንድን ነው? እጄ ስትገባ ፕሮፔለሩ ንቅንቅ አይልም። በርግጥ አንደኛ ናት፣ ምንም ነገር አያልፍባትም! ውስጧ ያለው ግን የደረቀ የጉሎ ዘይት ነው። የእነዚህ ሞተሮች ነዳጅ ሜታኖል፣ ኒትሮሜቴንና የጉሎ ዘይት ነው። ሜታኖሉ ይተናል፣ ጉሎው ይቀራል። ዓመታት ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ቡናማ ሙጫ ይሆንና ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር ያጣብቀዋል። ማላቀቂያው ሙቀት ነው። በፀጉር ማድረቂያ አሞቅኳት፣ ሜታኖል አጠጣኋት፣ እንደገና አሞቅኳት። ባለቤቴ ማድረቂያው ለምን ዘይት ዘይት እንደሚሸት ጠየቀችኝ። ርዕስ ቀየርኩ።

በነገራችን ላይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ሮታሪ ሞተሮችም የሚሠሩት በጉሎ ዘይት ነበር። ሞተሩ እየተፋው ይዞራል፣ ፓይለቱ ከኋላው ቁጭ ብሎ ይተነፍሰዋል። ጉሎ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ራሱ ይጨርስ።

ሞተሯ ተላቅቃ ሞዴል አውሮፕላኔ ላይ ከተገጠመች በኋላ ሌላ ጠባይ አመጣች። በጭስ ማውጫዋ ጥቂት ነዳጅ ጠብ አድርጌ ፕሮፔለሩን ስመታው ወዲያው ትነሳለች። ትጮኻለች። ጩኸቱ ይቀጥናል፣ ይቀጥናል፣ ጭጭ። እንደገና ጠብታ፣ እንደገና ጩኸት፣ እንደገና ጭጭ።

ይሄ በሽታ የታወቀ ነው። በጠብታ ተነስታ ከጠፋች ካንዴላውን፣ ማለትም ነዳጁን በጋለች ሽቦ የሚያቀጣጥለውን ግሎው ፕለግ፣ ተዉት፣ ሥራውን ሠርቷል። ካንዴላው ላይ ክፉ መናገር ራሱ ነውር ነው። ሬይ አርደን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1947 ለገበያ ባያወጣው ኖሮ ዛሬም ብልጭታ ለመፍጠር ኮይልና ኮንደንሰር ጭነን ለመብረር እንታገል ነበር። አሁን 1.5 ቮልት በቂ ነው። ሞተሯ ስትነሳ ባትሪው ይነቀላል፣ የፕላቲነሟ ሽቦ ከሜታኖሉ ጋር እየተገናኘች በራሷ እንደጋለች ትቆያለች። ድምፅ እየቀጠነ ከጠፋ ጥፋተኛው ነዳጅ ነው። ወይ አልደረሰም፣ ወይ አየር ተቀላቅሎበታል።

ስለዚህ ፍለጋው ከጠርሙሱ ጀመረ። ሜታኖል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ክዳኑ ላልቶ የከረመ ነዳጅ ውሃ የጠጣ ነዳጅ ነው። የእኔ አዲስ ነው፣ ክዳኑም ጥብቅ ነው። ዘይቱ 20 ከመቶ ነው፣ አብዛኛው ጉሎ። ያረጁ ትንንሽ ሞተሮች ዘይት የሳሳበት ነዳጅ አይስማማቸውም። ቀጥሎ ነዳጁን የሚቆጣጠረው መርፌ። ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ ብርሃን ላይ አየሁት። ነዳጁ የሚወጣባትን ቀዳዳ ለማየት ትንፋሽ መያዝ ያስፈልጋል። በሽቦ እንዳትጎረጉሯት። ትሰፋለች፣ ከዚያ በኋላ መርፌው አይቆጣጠራትም። ሜታኖል በሲሪንጅ ረጨሁባት። የመርፌው ጥርስ ካረጀ አየር በዚያ ሾልኮ ይገባል። ቁራጭ የሲሊኮን ቱቦ አጥልቄ አፈንኩት። ጓርኒሲዮኗን ቀየርኩ። ነዳጅና አየር የሚገባበትን ስስ ክዳን፣ ሪድ ቫልቩንም፣ አወጣሁ። ጉሎ እሱንም ይዞት ነበር፣ አላቀቅኩት።

ጭጭ።

ከታንክ ወደ ሞተር የሚሄደውን ቱቦ በአዲስ ቀየርኩ። ቱቦው ግልጽ ስለሆነ ውስጡ ይታያል። እናም አየሁት። አረፋ። አንዲት አረፋ እየተንከባለለች ትመጣለች፣ ሌላዋ ትከተላታለች። ታንኩ በንዝረት እያረፋ ይሆናል ብዬ ከሥሩ ስፖንጅ አነጠፍኩለት። አረፋዎቹ ስፖንጁን አልሰሙም።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው ሜዳ ላይ፣ በሰው ፊት ነው። ከጎኔ አንድ ሰውዬ አለ፣ አውሮፕላኑ በባትሪ ነው የሚሠራው። ይሰካል፣ ይበራል፣ ያርፋል፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል። እኔ ደግሞ ክርኔ ድረስ ጨቅይቻለሁ። እጁን ኪሱ ከቶ መጣ። ጎንበስ ብሎ ሞተሯን አያት።

«ነዳጅ አለው?» አለኝ።

ነዳጅ አለው! ታንኩ ከውጭ የሚታይ ፕላስቲክ ነው፣ ሮዝ ነዳጅ ሞልቶታል። ሸሚዜ ላይ ነዳጅ አለ። ቅንድቤ ላይ ነዳጅ አለ። በዚያ ሜዳ ላይ ነዳጅ የሌለው ነገር ቢኖር የእሱ አውሮፕላን ብቻ ነው።

«አለው» አልኩት በትሕትና።

«እኔማ በባትሪ ብታደርገው ይሻልሃል እላለሁ» አለኝ። ይሄን ምክር የሚሰጥ ሰው ሁሉ ለምን ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ አይገባኝም። ማን እንዳይሰማ ነው? ሞተሯ?

እሱ ላይ ተናድጄ ይሁን አላውቅም፣ ጠብታዋን ጨመር አደረግኩና ፕሮፔለሩን መታሁት። ሞተሯ ጣቴን መልሳ ጠፈጠፈችኝ። ጣቴን ብብቴ ሥር ወሽቄ ስዘል ድምፅ ሰማሁ። ተነስታለች። ደግሞም አልጠፋችም። የፕሮፔለሩ ነፋስ ግን ወደ እኔ ነው የሚመጣው፤ የቆምኩትም ፊት ለፊቷ ነው። ከጭስ ማውጫው የሚተፋው ጉሎ በሙሉ መነጽሬ ላይ አረፈ።

ወደ ኋላ ነው የምትዞረው!

ሪድ ቫልቭ ያለው ሞተር አቅጣጫ አይመርጥም። ቫልቩ የሚከፈተው ክራንክኬሱ፣ የሞተሩ ሆድ፣ ሲስብ ነው፣ ዘንጉ በየት በኩል እንደሚዞር አያገባውም። ነዳጅ በዝቶ ፒስተኑ ጫፍ ሳይደርስ ከተቀጣጠለ ወደመጣበት ይመለሳል፣ ሞተሯም በዚያው ትቀጥላለች። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ ግን ትንሽ ትንገዳገድና ትቆማለች። ያን ቀን እሷ ዕድሜ ልኳን ስትፈልገው የኖረችውን አቅጣጫ አገኘች። ጭጭ ማለት የለ። ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ እንዲህ አምሮባት አያውቅም ብዬ መማል እችላለሁ። መርፌውን አልነካሁት፣ ምንም አልነካሁም፣ እሷ ግን የምትዘምር ነው የሚመስለው።

አውሮፕላኑ ከእኔ መሸሽ ጀመረ። በጅራቱ በኩል፣ አፍንጫውን ወደ እኔ እንዳዞረ፣ ንጉሥ ፊት ቆሞ የነበረ ሰው ጀርባውን ላለመስጠት እንደሚያፈገፍገው።

አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ሮጦ መጥቶ ጅራቱን ለቀም አደረገው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ከፕሮፔለሩ ርቆ ነው የያዘው። ጅራቱን ከፍ፣ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፋ አድርጎ ቆመ። ሞተሯ ይባስ አማረባት። ልጁ እኔን አየ፣ አውሮፕላኑን አየ፣ ተመልሶ እኔን አየ። ፊቱ በራ።

«ጋሼ! ሪቨርስ አለው እንዴ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ባለ ባትሪውም ዞረ። መነጽሬ ተለቅልቋል፣ ጣቴ እያበጠ ነው፣ የሚታየኝ ብዥ ያለ ልጅ ብቻ ነው።

«አለው» አልኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ልጁ ጓደኞቹን ጠራ። «የእውነቱ አውሮፕላን እንኳ ሪቨርስ የለውም!» እያለ ያስረዳል። ልክ አይደለም። ጄቶች ሲያርፉ የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት የሚመልሱበት መሣሪያ አላቸው። ግን በዚያ ሰዓት ልጅ ለማረም የሚሆን ፊት አልነበረኝም፤ ፊቴ ጉሎ ነው። ጨርቅ ወርውሬ ፕሮፔለሩን ላስቆም ብዬ መሬቱን ስዳብስ እሷ ታንኩን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጥታ በክብር ቆመች።

«እንደገና! እንደገና!»

ሞላሁ። መታሁ። ወደ ፊት ተነሳች። ጩኸት፣ ቅጥነት፣ ጭጭ።

«ጋሼ፣ ሪቨርሱን አስገባው» አለኝ አንደኛው ልጅ፣ በርኅራኄ። ማርሽ ያላት መስሎታል። ሌላው ማርሹ መርፌው ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ። ሦስተኛው፣ እሱ ወደፊት መሐንዲስ ይሆናል፣ መጀመሪያ ፍሪሲዮን መርገጥ እንዳለብኝ አሳሰበ። ለሁሉም ራሴን ነቀነቅኩ። አንዴ «አለው» ያለ ሰው ምን ይላል? ወደ ኋላ ላስነሳት ሞከርኩ። በሕይወቴ ወደ ኋላ እንድትሠራልኝ የለመንኳት ያን ቀን ብቻ ነው። እምቢ አለች።

«ሪቨርሱ እንኳን አሪፍ ነው» አለ ባለ ባትሪው። «ወደፊቱ ነው ትንሽ የሚቀረው።» አሁን ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

ከዚያ ወዲህ ሜዳው ላይ ስሜ ጋሽ ሪቨርስ ነው። ወላጆቼ ያወጡልኝን ስም የሚያውቅ የለም። መኪናዬን ሳቆም «ና ወደ ኋላ! ና! ና!» የሚለኝ ሰው አለ፣ ቦታው የፈለገውን ያህል ሰፊ ይሁን። አንድ የማላውቃቸው ትልቅ ሰው «የሪቨርሱ ባለቤት አንተ ነህ?» ብለው ጨበጡኝ። ቪዲዮም አለ። የላከልኝ ባለ ባትሪው ነው። መነጽሬን በሸሚዜ ጫፍ ስወለውል ይበልጥ ሳጨማልቀው ይታያል።

ቪዲዮውን ደጋግሜ ያየሁት ለድምጿ ብዬ ነው። ማንም አያምነኝም፣ ግን እውነት ነው። ልጁ አፍንጫውን ወደ መሬት ሲደፋው የነበረው ቅሬታ ሁሉ ይጠፋል። አፍንጫው ሲደፋ ነዳጁ ወደ ታንኩ ፊት ይሰበሰባል። በጎማው ሲቆም ደግሞ አፍንጫው ሽቅብ ነው፣ ነዳጁ ወደ ኋላ ይሄዳል። ነዳጅ ፊት ሲሆን ሰላም፣ ኋላ ሲሆን አረፋ። እንግዲያው አየሩ የሚገባው ከታንኩ ውስጥ፣ ከፊት በኩል ነው ማለት ነው።

ታንኩን ከፈትኩት። ጫፏ ላይ ክብደት የተንጠለጠለባት የመምጠጫ ቱቦ አርጅታለች። አንዱን ጫፍ በጣቴ ደፍኜ፣ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ በሌላው በኩል በሲሪንጅ አየር ገፋሁባት። ከክዳኑ ቱቦ ጋር የምትጋጠምበት አንገቷ ላይ ለዓይን የማትታይ ስንጥቅ አለች። በዚያች ስንጥቅ አረፋዎቹ ተራ በተራ ብቅ ይላሉ። ስንጥቋ ነዳጅ ውስጥ ስትጠልቅ ነዳጅ ትስባለች፣ ስትጋለጥ አየር። በቃ ይሄው ነው። ለዚህች ነገር ነው ሪድ ቫልቭ ድረስ የወረድኩት።

ቱቦዋ ተቀየረች። አሁን ሞተሯ ወደ ፊት ትሠራለች፣ ታንኩ እስኪያልቅ ድረስ፣ ልክ እንደሚገባት። ልጆቹ አንዴ አይተው ወደ ባለ ባትሪው ሄዱ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። አልለሳለስኩም። የተጣበቀውን ፒስተን፣ የተሰነጠቀችውን ቱቦ፣ ያበጠውን ጣቴን፣ ሁሉንም ዘረዘርኩለት። ወዲያው መለሰ። «ወንድሜ፣ እንኳን ሠራችልህ! እህቷም አለችኝ። እሷም ብዙም አልሠራችም፣ ኮምፕሬሽኗ አንደኛ ነው።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ትንሽ ቆይቼ አነሳሁት።

ትናንት ደረሰች። ፕሮፔለሯ አይዞርም።