ለገና የሚጠበቅ ኬክ

ዛሬ እዚህ ለንደን ጎረቤቴ የሆኑ እንግሊዛዊት እናት ሻይ ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ጠቆር ያለ የፍራፍሬ ኬክ አለ። ዓይኔን ሲያዩ «ይሄ የገና ነው፣ ገና ይቆያል» አሉኝ። ከዚያ በቀጭን ሹል ብረት ከላይ ወጋ ወጋ አደረጉትና ብራንዲ በሻይ ማንኪያ እየቀዱ በየቀዳዳው ጠብ ጠብ አደረጉበት። ኬኩ ቀስ እያለ መጠጠው፤ ቤቱ ዘቢብና የብርቱካን ልጣጭ ሸተተ። መልሰው በወረቀት ጠቅልለው ቆርቆሮው ውስጥ ከተቱት። እስከ በዓሉ በየሳምንቱ ይኸው ነው። እናቶቻችን ጠጁን ቀደም ብለው እንደሚጥሉት።

ስኳሩና የደረቀው ፍሬ እርጥበቱን ይይዙታል፣ አልኮሉ ሻጋታ ይከላከላል። ለዚህ ነው የሚቆየው። እ.ኤ.አ. በ2017 አንታርክቲካ፣ ኬፕ አዴር ባለ አሮጌ ጎጆ ውስጥ ሀንትሊ ኤንድ ፓልመርስ የሚባል የእንግሊዝ ብስኩት ፋብሪካ የሠራው የፍራፍሬ ኬክ ተገኝቷል። ከ100 ዓመት በፊት የእንግሊዛዊው አሳሽ የካፒቴን ስኮት ቡድን ይዞት እንደሄደ ይታመናል። ቆርቆሮው ዝጓል፤ ኬኩ ግን ቅርጹ እንኳ አልተበላሸም፣ ጠጋ ሲሉት ብቻ የቆየ ቅቤ ይሸታል።

እኔን የነካኝ ግን አሜሪካ ሚሺጋን ያለው ኬክ ነው። ፊዴሊያ ፎርድ የሚባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1878 ለቀጣዩ ዓመት በዓል ብለው ጋገሩ፤ በዓሉ ሳይደርስ አረፉ። ቤተሰቡ ሊቆርሰው አልደፈረም። ኬኩን ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እያስተላለፉ ከመቶ ዓመት በላይ አቆዩት።

ፈረንጆቹ ማንም የማይበላው ስጦታ እያሉ ይቀልዱበታል። እኔ አልስማማም። ለበዓል እንግዳ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ የሚደክም ሰው ክብር ይገባዋል።