የገለበጥኩት ፈረሰኛ

ለየካቲት እትማችን የዓድዋ ዘመን ፈረሰኛ ሥዕል አዘዝን። ሠዓሊው አንጋፋ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። እኔ ገጽ አቀናባሪ ነኝና በየቀኑ "ደረሰ ወይ?" እያልኩ እነዘንዛቸው ነበር።

ሥዕሉ ሲመጣ ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው እግሩ ላይ ነው። ጫማ የለውም። እርካቧ ትንሽ ቀለበት ናት፤ የገባባት የእግሩ አውራ ጣት ብቻ ነው። የጥንት ፈረሰኞቻችን እንደዚያ ነበር የሚጋልቡት። ጋሼ ጥፍሩን፣ ብረቱ የተጫነው ቆዳ ነጣ ማለቱን እንኳ አልተዉም።

ችግሩ፣ ፈረሱ ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ የተመደበለት ደግሞ የቀኙ ገጽ ነው። ጽሑፉን ጥሎ ከመጽሔቱ የሚወጣ መሰለኝ። ማተሚያ ቤት የምንገባበት ቀን ደርሷል። በአንድ ክሊክ ገለበጥኩት። በቃ፣ ገጹ አማረ።

ለእርማት የወጣውን ቅጂ ሳሳያቸው ጋሼ ዝም አሉ። ቆይተው፣ "ልጄ፣ ሾተሉ የት ነው ያለው?"

"ጎኑ ላይ ነዋ ጋሼ።"

"የትኛው ጎኑ?"

ግራ። ጦሩም በግራ እጁ፣ ጋሻውም በቀኙ ሆኗል።

ከጠረጴዛዬ ላይ ማስመሪያና ማህደር አነሱ። ማህደሩን በግራ ክንዳቸው እንደ ጋሻ ያዙ። ማስመሪያውን ቀኝ ጎናቸው ላይ ሻጥ አደረጉ። "ያገራችን ሰው ሾተሉን በቀኝ ነው የሚታጠቀው። በጋሻው በኩል ቢያንጠለጥለው እየተጋጨ መላወሻ ያሳጣዋል" አሉኝ።

ለምን እንዳልታየኝ የገባኝ ያኔ ነው። ሳድግ ያየኋቸው ባለ ቦት ጫማ የአውሮፓ ፈረሰኞች ሰይፋቸው በግራ ጎናቸው ነው። ለእኔ ዓይን የተገለበጠው ልክ መስሎ ነበር! ይሄ እስካሁን ይከነክነኛል። የ1888ቱ ሠራዊት ወጥ የደንብ ልብስ አልነበረውም። ፈረሰኛውን የሚያስታውቀው ለምዱ፣ የአንበሳ ጎፈሩ፣ ሾተሉ የተንጠለጠለበት ጎን ነው። ልጆች ደግሞ ይህን የሚያውቁት ከሥዕል ነው፤ አይተው ይሥሉታል፣ ለበዓሉም ይለብሱታል።

ሥዕሉን ወደ ግራው ገጽ፣ ጽሑፉን ወደ ቀኙ አዛወርኩ። ፈረሱ ሳይገለበጥ ወደ ጽሑፉ ዞረ። እስከ ማታ አስመሸኝ እንጂ ከባድ ሥራ አልነበረም።

እትሙ ሲወጣ አንድ ቅጂ ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው ከጦሩ ጫፍ ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ። አፎቱ ላይ ቆም አለ። ከዚያ እርካቧ ጋ ደረሰ።

"አሁን ይጋልባል" አሉ።