ስብሰባው በማን ሰዓት ነው?

ሌላ አህጉር ካለ ሰው ጋር ቀጠሮ ስትይዙ «15:00 ላይ እንገናኝ» ብላችሁ አትተዉት፤ በማን ሰዓት? እኔ ሁሌ ዩቲሲን (UTC፣ የየአገሩ ሰዓት የሚለካበትን የዓለም መነሻ ሰዓት) መሃል አስገባለሁ። መጀመሪያ የራሴን ሰዓት ወደ ዩቲሲ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ከተማ።

ለምሳሌ ጃንዋሪ ላይ ሎስ አንጀለስ ከዩቲሲ 8 ሰዓት ወደኋላ ናት፣ ቶኪዮ 9 ሰዓት ወደፊት። ሎስ አንጀለስ ሰኞ 17:00 ሲሆን ዩቲሲ ማክሰኞ 01:00 ነው፤ ቶኪዮ ደግሞ ማክሰኞ 10:00 ሆኗል። ቀኑም ተቀየረ ማለት ነው፣ ስለዚህ መልእክቱ ላይ ቀኑንም ጻፉ።

ዋናው ጣጣ ያለው ማርች ላይ ነው። አሜሪካ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት የምትቀይረው በወሩ ሁለተኛ እሁድ ሲሆን አውሮፓ ግን የመጨረሻውን እሁድ ስለምትጠብቅ፣ በመሃል ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት የኒውዮርክና የለንደን ልዩነት ከ5 ሰዓት ወደ 4 ይወርዳል። ጃፓን ጭራሽ አትቀይርም። በየሳምንቱ የምትገናኙ ከሆነ ያን ሰሞን ማንም ሳይጠይቃችሁ አዲሱን ሰዓት ላኩ፤ ሰው በባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጦ መጠበቅ የለበትም።

በነገራችን ላይ ሁሉም ልዩነት ሙሉ ሰዓት አይደለም። ሕንድ ከዩቲሲ በ5:30 ትቀድማለች፣ ኔፓል በ5:45። እዚህ ላይ በጭንቅላት ከማስላት የስልካችሁን የዓለም ሰዓት ክፈቱ።